ዘመድ አያስፍቅም

የመርከብ ሠራተኛ ከመንገደኛ ሁሉ አብልጦ የሚጠላው የሰከረውን አይደለም፤ ምንጣፉ ላይ ያስመለሰውንም አይደለም። ምንጣፍ ይታጠባል። የሚጠላው አስፋቂውን ነው። አስፋቂ ማለት እንግዳ መቀበያው ጋ ተሰልፎ፣ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ፣ «ያ በየቀኑ የምትደምሩብኝ የአገልግሎት ክፍያ ይፋቅልኝ» የሚል ሰው ነው። ይፋቅለታል። ለምን ብሎ የሚጠይቀው እንኳን የለም። ስሙ የአገልግሎት ክፍያ ይባል እንጂ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የአልጋ አንጣፊው ደመወዝ እሱ ነው። ኩባንያው ከራሱ ካዝና የሚሰጠው ለሳሙና ቢበቃ ነው። የቀረውን መንገደኛው ይሙላው ብሎ ትቶታል፤ መንገደኛው አልሞላም ካለ ደግሞ መብቱ ነው። ይህን ዓይነት ደመወዝ ያሰበ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን የሰው ሽንት ቤት አጽድቶ አያውቅም፣ እምላለሁ።

ክሪሳንቶ በዚህ ደመወዝ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። የኢሎኢሎ ልጅ ነው፣ ጊምባል የምትባል መንደር ልጅ፤ ሚስቱ ኔሪሳና ልጆቹ እዚያው ናቸው። ኔሪሳ በየወሩ በስልክ «የዚህ ወር ስንት ነው?» ትለዋለች፤ እሱም በየወሩ «እስኪ መንገደኞቹ ይውረዱ» ይላታል። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሲጠየቅ መንገደኞቹ ይውረዱ፤ ጣራው ሲያፈስም መንገደኞቹ ይውረዱ። አንድ ጊዜ ኔሪሳ ብሽቅ ብላ «ያንተ መንገደኞች እስኪወርዱ እኛ ሰመጥን እኮ!» ብላው በሳቅ ፈረሱ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ሳቁ አብሮት አልቆየም።

ስለዚህ አንድ ነገር ፈለገ፤ የደርቡ ተቆጣጣሪ መሆን። ተቆጣጣሪ አልጋ አያነጥፍም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደመወዙ ቁርጥ ነው። ማንም እንግዳ መቀበያ ሄዶ አያስፍቀውም። ያን ቦታ ይዞት የኖረው ብራጋንሳ የሚባል የጎዋ ሰው ነበር፤ ጉልበቱን አሞት በክረምቱ ማብቂያ ወደ አገሩ ሊገባ ሆነ። ከሆንግ ኮንግ ከመነሳታቸው በፊት ክሪሳንቶን ፎጣ ከሚከመርበት ጓዳ አስገብቶ በሩን ዘጋው።

«ስማ፣ ስምህን ነው የላክሁት። የኩባንያው የባሕር ማዶ ቢሮ ሥራህን አያይም፤ መጥተው ሽንት ቤት አይፈትሹም። የሚያዩት ክፍሎችህ ውስጥ ስንት አስፋቂ እንደነበረ ነው። ወቅቱን ሙሉ ደህና ነህ። ይቺን የመጨረሻዋን ጉዞ እንዳለህ ጨርስልኝ፣ ወንበሩ ያንተ ነው።»

«ቢመጣብኝስ አለቃ? አንዳንዱ ሰው መልኩን አይቶ አይታወቅም።»

«አንድ ቢሆን እከራከርልሃለሁ። ከዚያ ካለፈ እኔም አፍ የለኝም።»

በዚያው ሳምንት እናቱ ደወለች። ድምፅዋ ከደስታ ብዛት ይንቀጠቀጥ ነበር። አበልጇ፣ የእሱ የክርስትና እናት ኒናንግ ፑሪንግ፣ ሰባኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በእሱ መርከብ ሊመጡ ነው! አራት ክፍል ይዘዋል። «ክርስትና ልጄ ያለበት ካልሆነ ሌላ መርከብ አልሄድም ብለው ነው እኮ። እንዳታሳፍረኝ ልጄ» አለችው።

ኒናንግ ፑሪንግ በጊምባል የሩዝ ወፍጮ ያላቸው ሴት ናቸው። ክሪሳንቶ ሃያ ዓመት ሲሞላው ለመርከበኛ ትምህርቱ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ብሩን በመጀመሪያው ኮንትራት እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መልሷል። ውለታው ግን አልተመለሰም፤ ውለታ ደረሰኝ የለውም። እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ለበዓል ከሰው ሁሉ ቀድማ እሳቸው ወጥ ቤት ገብታ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ማንም አላዘዛትም፤ የምትሄደው ባትሄድ ምን እንደሚባል ስለምታውቅ ነው።

ክሪሳንቶ ዜናውን እንደሰማ አንድ ብልሃት መጣለት፤ ያን ጊዜ ብልሃት መስሎት ነበር። አራቱን ክፍሎች ወደ እሱ ማዞር! በእሱ እጅ ያሉትን፣ በየዓመቱ የሚመለሱትን የአውስትራሊያ ሽማግሌዎች ለሌላ አንጣፊ ሰጠና የኒናንግን ቤተሰብ ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ ክፍያውን የማይነኩ፣ በላዩ ላይ ትራስ ሥር ፖስታ የሚተዉ የተባረኩ ሰዎች ነበሩ። አብሮት የሚያነጥፈው፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ግማሹን የሚካፈለው የባሊው ልጅ ኬቱት ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

«አንተ ሰው ጤነኛ ነህ? ወርቅ የሆኑ ሽማግሌዎቼን ሸጠህ ዘመድ ታመጣብኛለህ?»

«የሚያስፈራን አስፋቂ አይደል? ዘመድ አያስፍቅም።»

«በእኛ አገር ዘመድ በልቶ ይጠግብና ሳህኑ የት እንደሚታጠብ ይጠፋዋል። በእናንተ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፓሬ» አለው፤ ፓሬ በእነ ክሪሳንቶ አገር ጓዴ እንደ ማለት ነው።

ክሪሳንቶ ሳቀበት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነዋ። የእሱን የሠርግ ዶሮ ያረዱ፣ የበኩር ልጁን ስም ያወጡ ሴትዮ እንደ ባዳ ተሰልፈው ያስፍቁብኛል ብሎ በምን ያስብ?

የኒናንግ ቤተሰብ ሆንግ ኮንግ ላይ መርከቡ ገባ። ኒናንግ ፑሪንግ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሲያዩት በልጅነት መጠሪያው «ቶቶ!» ብለው ሲጮኹ ከየክፍሉ ሰው ብቅ አለ። እንደ አገሩ ወግ እጃቸውን ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አሳረፈ። ከዱባይ የመጣችው ልጃቸው ሮዌና ሻንጣዎቿን ሰጠችው፤ የልጅ ልጆቹ ከወገቡ ላይ ተንጠለጠሉ። ኒናንግ ለማያውቋቸው ቻይናውያን ባልና ሚስት በእንግሊዝኛ «ይህን ልጅ እኔ ነኝ ክርስትና ያነሳሁት። መርከቡ የእሱ ነው ማለት ይቻላል» አሏቸው። ክሪሳንቶ አንገቱን ደፋ፣ ግን ደስ ብሎታል። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ ብሎታል።

ከዚያ ሥራው መጣ። ኒናንግ የመርከቡ ቁርስ ሆዳቸውን ነፋው፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ከታች ከሠራተኞቹ ወጥ ቤት በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ሩዝና የደረቀ ዓሣ ተሸፍኖ ይወጣላቸዋል። የደረቀ ዓሣ ደግሞ መሸፈኛ አያውቅም። ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ ወጥታ «ግድግዳው ውስጥ የሞተ ነገር አለ» ስትል፣ ክሪሳንቶ ሽቶ እየነፋ «ቧንቧ ነው፣ አሁኑኑ ይታያል» ይላታል። የኒናንግ ሸሚዞች ማሽን አይወዱም፤ በእጅ ይታጠባሉ። ልጆቹ በፎጣ የተሠራ ዝሆን ፈለጉ፣ ከዚያ ዝንጀሮ፣ ከዚያ ዝሆኑና ዝንጀሮው ሲጣሉ። ለባዳ አይሆንም የሚባለው ሁሉ ለእነሱ ይሆናል፤ ባዳ አይደሉማ።

«እነዚህ አራት ክፍሎች ወለዱ እንዴ?» ይላል ኬቱት ላቡን እየጠረገ። «እኔ ብቻ ነኝ ስምንት ሆነው የሚታዩኝ?»

«ታገሥ። እነዚህ የቤት ሰዎች ናቸው።»

«የማን ቤት?»

በጉዞው አጋማሽ፣ ኦኪናዋን ለቅቀው ሲሄዱ፣ ብራጋንሳ ኮሪደር ላይ ክሪሳንቶን በጣቱ ጠራው። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«አራቱም ተፍቀዋል» አለው።

«የትኞቹ አራቱ?»

«ያንተዎቹ። የራስህ ሰዎች።»

ክሪሳንቶ መጀመሪያ ሳቀ። የክፍል ቁጥር ተሳስተው ይሆናል አለ። ብራጋንሳ አልሳቀም። «ልጃቸው ናት ሄዳ የተሰለፈችው። የአራቱንም በአንድ ጊዜ። ሒሳቡ ነገ ማታ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ካስመለሱት የባሕር ማዶው ቢሮ አያየውም። እንዳትጠይቃቸው ግን፤ ሕጉን ታውቃለህ።»

ያውቃል። ከመንገደኛ ጋር የገንዘብ ነገር ያነሳ ሠራተኛ በሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል።

«ታዲያ ምን ላድርግ አለቃ?»

«እኔ እንጃ። ዘመድህ አይደሉም? በዘመድ ቋንቋ አስታውሳቸው።»

ኬቱት ጋሪውን ይዞ ሁሉንም ሰምቷል። ብራጋንሳ እስኪርቅ ጠበቀና ሁለት እጁን አጨበጨበ። «ዘመድ አያስፍቅም! እሰይ! እሺ፣ ያንተስ ዘመድህ በላው፤ የእኔስ ግማሽ? እኔ ሂንዱ ነኝ እኮ፤ እኔን ማን ክርስትና አነሳኝ?»

«ሳያውቁ ነው። ዛሬ ይመልሱታል።»

«ትነግራታለህ?»

«በራሳቸው ይገባቸዋል።»

ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ፎጣ ይዞ ገባ። ኒናንግና ሮዌና በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ማህጆንግ የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ኒናንግ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አልጋው ላይ ሰቅለዋል። ክሪሳንቶ ፎጣውን አስቀመጠ። ያልተዛባውን አልጋ አስተካከለ። ደግሞ አስተካከለው። ኒናንግ ከጠጠሮቻቸው ላይ ቀና አሉ።

«ምነው ቶቶ፣ ፊትህ ጠቁሯል። አሞሃል?»

«ደህና ነኝ፣ ኒናንግ።»

«ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። ሮዌና ያንን የአገልግሎት ምናምን የሚሉትን አስፋቀችው።»

«ኩባንያው ነው የሚበላው ማሚ» አለች ሮዌና ዓይኗን ሳታነሳ። «እነዚህ ሌቦች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።»

«እሱስ ይሁን። እኔን ያስከፋኝ ሌላ ነው። ለገዛ ክርስትና ልጄ እንደ ባዳ በቀን በቀን ልከፍል ነው? እናትህ ብትሰማ ‹አበልጄ ምነው ገፋችኝ› አትልም? ነውር ነው እኮ!» ጠጠር አንስተው በአውራ ጣታቸው አሹት። «መቼም አንተን አይጎዳህም፤ ይጎዳሃል እንዴ?»

የመናገሪያው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ሕግ አልተጣሰ፣ ልመና የለ። «አዎ ኒናንግ፣ ይጎዳኛል» ቢል አልቆ ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ክሪሳንቶ ግን የመርከበኛ ትምህርቱ ትዝ አለው፣ እናቱ በዚያ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ታየችው፣ ማጅራቱ በይሉኝታ ጋለ። አፉን ከፍቶ ያወጣው ቃል ይህ ነው፦

«እርስዎ ያውቃሉ፣ ኒናንግ።»

ይህን የሰማ የጊምባል ሰው ምንም አልተባልሁም አይልም። በጊምባል ይህ ዋጋ ነው፤ ያውም ከዋጋ ሁሉ ውዱ። የባለ ሦስት እግሯ ታክሲ ሹፌር በዝናብ ቤት ድረስ አድርሶ «ስንት ነው?» ሲባል «እርስዎ ያውቃሉ» ይላል። ኮኮናት የሚያወርደውም፣ አዋላጇም እንደዚያው። ይህ የተባለ ሰው ከተለመደው ጨምሮ ይሰጣል፤ አሳንሶ የሄደ እንደሆነ ገና ከመንደሩ ሳይወጣ ወሬው ይቀድመዋል። ኒናንግ ፑሪንግ ደግሞ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ከጆንያ ተሸካሚ አፍ ይህን ቃል ሲሰሙ ነው ያረጁት። ክብደቱን ከሩዝ ክብደት ለይተው ያውቁታል።

ቀና ብለው አዩት። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ክሪሳንቶ እንደገባቸው አየ። አልተጠራጠረም፤ አየ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጠጠሮቹ መለሱ።

«ይኸው! ምን አልሁሽ ሮዌና? የእኔ ልጅ ገንዘብ አያይም። እንደ ዘንድሮ ልጆች አይደለም።» ጠጠሯን አስቀመጧት። «ፖንግ!» አሉ፤ ሦስት አንድ ዓይነት ጠጠር ሞልቶላቸዋል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ክሪሳንቶ ያደረውን ፎጣ ሰብስቦ ወጣ።

ኬቱት ኮሪደር ላይ ጋሪው ላይ ተደግፎ ይጠብቀው ነበር። «እሺ? ነገርካት?»

«ያውቃሉ።»

«ያውቃሉና ምን አሉ?»

«በቃ ያውቃሉ አልኩህ።»

ኬቱት አየት አደረገውና ጋሪውን ትቶ ወደ በሩ ተራመደ። «ቆይ እኔ ልንገራት። እኔ የማፍርበት ምክንያት የለኝም፤ ክርስትና አላነሳችኝም፣ አላስተማረችኝም...»

ክሪሳንቶ ክንዱን ያዘው። «ኬቱት፣ ሙት! አንዲት ቃል ብትተነፍስ ወደብ ላይ ያወርዱሃል።»

«አንተ አልተነፈስህም፤ የት ደረስህ?»

«ተው፣ እለምንሃለሁ።»

«እኔን ለመለመን ጎበዝ ነህ» አለ ኬቱት፤ ግን ክንዱን አላስለቀቀም።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ክሪሳንቶ በዚያ በር አለፈ አገደመ። አንድ ጊዜ እጁን ለማንኳኳት አንስቶ ነበር፤ ውስጥ ልጆቹ ሲስቁ ሰማና መለሳት። መሸ፤ ሒሳቡ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ብራጋንሳ ፎጣ ጓዳው ውስጥ መጥቶ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አሻሸ።

«ለሌላ ሰጡት» አለ። «ከታችኛው ደርብ ላለው ልጅ። ዘመድ ናቸው ብዬ ጻፍሁላቸው። ‹ዘመዶቹ እንኳን ካልከፈሉለት ምን ዓይነት ሠራተኛ ቢሆን ነው?› አሉኝ።»

«እሺ አለቃ።»

«እሺ አትበለኝ እንጂ፤ ስደበኝ፣ ጩኽ።»

«እርስዎ ምን አደረጉኝ?» አለ ክሪሳንቶ። ያን ቀን ለኔሪሳ አልደወለም። ምን ብሎ ይደውላል? ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ምላሱን ውሻ ይብላውና፣ ከእንግዲህ ስንት ነው ስትይኝ ቁርጡን ነው የምነግርሽ ብሏት ነበር።

ከመውረጃው ቀን በፊት በነበረው ከሰዓት ኬቱት መጣ። በሩን ዘጋና ከኪሱ የታጠፈ ገንዘብ አወጣ፤ ወፍራም ነው።

«የክርስትና እናትህ ጠሩኝ» አለ። «አንተ ለልጆቹ በረዶ ልታመጣ በሄድህበት ነው። ‹አንተ የሰው ልጅ ነህ፤ የሰው ልጅ ላብ እኔ ላይ አይቅር› ብለው በእጄ አስጨበጡኝ። አልቀበልም ብዬ ነበር። አይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላልኩም።»

ክሪሳንቶ ገንዘቡን አየው፣ አልነካውም።

«ግማሹ ያንተ ነው። እንደሌላው ጊዜ።»

«ለእኔ አልተሰጠኝም።»

«አትጃጃል። ብትወስድም ባትወስድም ለእኛ አይቀርልንም፤ ነገ ለብራጋንሳ አስረክበዋለሁ።» ሕጉ ነው፤ ካስፋቀ ክፍል በእጅ የመጣ ገንዘብ ለሁሉም ወደሚከፋፈለው የጋራ ሣጥን ይገባል፣ የደበቀ ይባረራል። ኬቱት ገንዘቡን መልሶ አጠፈው። «ለዛሬ ግን ኪሴ ውስጥ ይደር። ምን እንደሚመስል ልየው።»

ክሪሳንቶ በሰው ሲናደድ የሚታወቅ ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ስንቱን ውጧል፤ የሰካራም ስድብ ሰምቷል፣ የሰው ትውከት ጠርጓል፣ ጥርሱን እያፋጨ ስቋል። አሁን ግን ተናደደ። ባያውቁ ኖሮ ይቅር ይል ነበር። ሴትዮዋ ላብ ዋጋ እንዳለው አሳምረው ያውቃሉ፤ የማን ላብ የት ድረስ እንደፈሰሰ መዝነው፣ የባዳውን ከፍለው፣ የእሱን ግን የቤት ነው ብለው ተዉት። የቤት ውሻም እንደዚሁ ነው፤ ደመወዝ አይከፈለውም፣ የእኛ ነው ይባላል።

ጠዋት ሆንግ ኮንግ ደረሱ። ሻንጣዎቹን ይዞ እስከ መውረጃው ድልድይ ሸኛቸው። ኒናንግ የወደብ ነፋስ እንዳይመታቸው በሻርፕ ተጠቅልለዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቱን አቀፉት።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ቶቶ። በሕይወቴ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ለሚቀጥለው ዓመት የወንድሞቼን ልጆችም ይዤ እመጣለሁ፤ ሃያ እንሆናለን! ሌላ ሰው እንዳይሰጡን፤ አንተን ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«ኒናንግ፣ ገብቶዎት ነበር» አለ ክሪሳንቶ።

«ምኑ?»

«ያን ቀን የነገርኩዎት። ገብቶዎት ነበር።»

ሮዌና «ማሚ፣ ሰልፉ እየሄደ ነው» አለች። ኒናንግ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። ለመካድ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ተዉት።

«ገብቶኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምን ላድርግ ልጄ? አንድ ጊዜ በልጄ ቤት እንግዳ ልሁን ብዬ ነው የመጣሁት። የከፈልኩህ ዕለት እኮ እኔ ገዢ፣ አንተ አሽከር መሆናችን ነው። ያንን አልወደድሁም። ክፉ ነገር ነው ያሰብኩት?»

«ቤቴ አይደለም ኒናንግ። እኔ ከታች፣ ከውሃው በታች፣ ከኬቱት በላይ ባለች አልጋ ነው የማድረው። እርስዎ እንግዳ የሆኑት በእኔ ቤት አይደለም፤ በእኔ ደመወዝ ነው።» ነገሩ አንዴ ከአፉ ወጥቷል። «የተቆጣጣሪነት ቦታ ሊሰጠኝ ነበር። አራት ክፍል ተፋቀና ለሌላ ሰው ሰጡት። ለኔሪሳ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።»

የኒናንግ ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያያል፤ ሮዌና ወለሉን ታያለች። አሮጊቷ ቦርሳቸውን ከፈቱና ያገኙትን ገንዘብ ሁሉ፣ የሆንግ ኮንጉንም የአገራቸውንም ቀላቅለው፣ ዘርግተው ያዙት።

«እንካ! ይኸው እንካ! በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው? በል ውሰድ!»

ክሪሳንቶ ገንዘቡን አየ። ዛሬ ቢወስደው ለጋራው ሣጥን ነው፤ የሄደው ቦታ አይመለስም። ባይወስደው ግን ልጅ እንደሆነ ይቀራል። ለሚቀጥለው ዓመት ሃያ ሆነው ይመጣሉ፤ እናቱ ለመጪው በዓል ማልዳ ተነስታ ወደዚያ ወጥ ቤት ትሄዳለች። ቢወስደው እናቱን ማንም በዚያ ቤት በር አያስገባትም፤ ይህንንም አሰበው።

ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። ለመንገደኛ እንደሚደረገው ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«አመሰግናለሁ፣ ማዳም» አለ። «ከእኛ ጋር ስለተጓዙ ደስ ብሎናል።»

«ምን አልከኝ?» አሉ ኒናንግ ፑሪንግ።

ከኋላቸው ሌላ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ነበርና፣ ክሪሳንቶ ወደ ጎን ተጠግቶ መንገዱን ለቀቀላቸው።